ሦስት ቀን የተዘፈዘፈው ሥር

ክሮሞሶም የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያሳየኝ ሰው ራሱ አጥርቶ ማየት የማይችል ሰው ነበር። ዓይኑ ግን ደኅና ነበር፤ ከፒያሳ ማዶ የሚሄድ ባለሥልጣን በካፖርቱ ቀለም ይለይ ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። አሁን ግን እድሜዬም ገፍቷል፣ እሱም የለም፤ «እሱ» እያልኩ ብጽፍ በስሕተት አይደለም።

በዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ የወባ ደም መመርመር ነበር። ከደንቢያ ቆላ እየተንቀጠቀጠ የመጣውን ሰው ጣቱን እወጋለሁ፣ ደሙን መስታወት ላይ አሰጣለሁ፣ ቀለም አጠጣዋለሁ፣ ሲደርቅ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ወረፋው ከግቢው በር ውጭ ይዘልቅ ነበር። የተወለድኩት እዚያው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም በሚባለው የእስላሞች ሰፈር፣ ከነጋዴ ቤት ነው። አባቴ በአዲ አርቃይ በኩል ወደ አስመራ እየወጣ ጨርቅ ያመላልስ ነበር። ሴት ልጁ ነጭ ካፖርት ለብሳ የባዕድ ሰው ደም ስትነካ ዘመዱ ሁሉ ሲያጉረመርም፣ «ጨርቅ ከመለካት ደም መመርመር ምኑ ይከፋል?» ብሎ አፋቸውን አስያዘ። ከዚያ በኋላ ማንም ደፍሮ አልተናገረኝም።

ዶክተሩ የመጣው መስከረም ላይ ነው። የሰው ሐኪም አልነበረም፤ የእህል ዶክተር ነው። ባሕር ማዶ ብዙ ዓመት ተምሮ የተመለሰ፣ የደጋውን ገብስና ስንዴ እንዲያጠና የተላከ ሰው ነበር። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተሰጠው። ማይክሮስኮፕ፣ ጠርሙስና መጻሕፍት የሞሉ ሣጥኖች በጭነት ማኪና ተከትለውት መጡ። የጎደለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ መሥራት የሚችል እጅ።

አንድ ቀን እኛ ክፍል ገብቶ ከጠረጴዛዬ ላይ አንድ የደም መስታወት አነሣና ወደ ብርሃን ያዘው።

«ይህን ማን ሠራው?» ሲል የክፍሉን ኃላፊ ጠየቀ።

«እሷ ናት» አሉት፤ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

እኔን አንድም ነገር አልጠየቀኝም። በሳምንቱ ደብዳቤ ጻፈና እንደ ጎረቤት ወንፊት ተዋሰኝ። ወደ አዲሱ ቤት በገባሁበት ቀን የነገረኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «አንቺ እጄ ነሽ። ማሰቡን ለእኔ ተዪው።»

እሺ አልኩ። እንዲህ ያለውን ሰው መናቅ የጀመርኩት ያኔውኑ እንደሆነ መደበቅ አልፈልግም።

ሥራው ለሚያውቀው ከባድ አይደለም። ገብሱን እርጥብ ወረቀት ላይ አድርገህ በሳህን ታበቅለዋለህ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ሥር ያወጣል። የሥሩ ጫፍ ሌት ተቀን የሚያድግ ነው፤ እዚያ ያሉት ሴሎች እያንዳንዳቸው ለሁለት ይከፈላሉ። ሴሉ ሊከፈል ሲል ነው ክሮሞሶሞቹ አጥረውና ወፍረው የሚታዩት፤ በሌላ ጊዜ ቢፈለጉ አይገኙም። ስለዚህ ሥሩን መጀመሪያ ለጥቂት ሰዓት መድኃኒት ውስጥ ትዘፈዝፈዋለህ። መድኃኒቱ መርዝ ነው፤ ሴሉን በመከፈያው ላይ እንዳለ ቀጥ ያደርገዋል። ከዚያ አልኮልና አሲድ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ሳይለወጥ እንዳለ ይቆያል። ኋላ ጫፉን በምላጭ ትቆርጥና በቀይ ቀለም ጠብታ መስታወት ላይ አኑረህ፣ በስስ መስታወት ከድነህ፣ በእሳት ሞቅ አድርገህ በአውራ ጣት ትጫነዋለህ። ሥጋው ተደፍጥጦ ይሳሳል። ከተሳካልህ በማይክሮስኮፑ ሥር የገብሱ ክሮሞሶሞች እንደ ተበተነ የክብሪት እንጨት ቀይ ሆነው ተዘርግተው ታያለህ። አሥራ አራት ናቸው። ገብስ የትም ቢበቅል አሥራ አራት ነው፤ ይህንን ደግሞ እኔ አይደለሁም ያገኘሁት፣ ከመጽሐፉ ላይ ነበር።

ዶክተሩ ይህን ሁሉ በቃል ያውቀዋል። ያለ ማቋረጥ አንድ ሰዓት ሊያስተምርህ ይችላል። በእጁ ግን አንድም ቀን አልተሳካለትም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየነው የተኙ፣ መከፈል ያልጀመሩ ሴሎችን ብቻ ነበር። ዶክተሩ ፒያሳ ቁርሱን በልቶ፣ ከዳኛውም ከመቶ አለቃውም ጋር ሲጫወት ቆይቶ ወደ ቀትሩ ላይ ይመጣል። ሥር የሚቆረጠውም ያኔ ነው። በማይክሮስኮፑ ያይና ዘሩን ይሳደባል፣ ውኃውን ይሳደባል፣ የጎንደርን ከፍታ ይሳደባል። አንድ ጊዜ ክብሪቱን ሁሉ ሰድቦታል። እኔ ግን አንድ ቀን እሱ በሌለበት ከማለዳ ጀምሬ በየሰዓቱ ሥር እየቆረጥኩ አየሁ። በማለዳው ጥቂት ነው፤ ፀሐይ ግድግዳውን አልፋ መስኮቱን ስትነካ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሴሎቹ በብዛት ይከፈላሉ፤ ቀትር ላይ የለም። ነገርኩት። በማግስቱ ሊጎበኙት የመጡ ሰዎች ፊት «ባደረግሁት ጥናት እንዳረጋገጥሁት» ብሎ የእኔን ሦስት ሰዓት ሲያስረዳ አጠገቡ ቆሜ ጠርሙስ አጥብ ነበር።

የመርፌውም ነገር አለ። ቀለሙ ሥሩን አልይዝ ሲል በአንድ የዛገ የልብስ ስፌት መርፌ ነካ ነካ ሳደርገው ወዲያው ጠቆረና አማረ። ዝገቱ ቀለሙን ያጠብቀዋል ማለት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም፣ ብቻ ይሠራል። ዶክተሩ መርፌውን ባየ ጊዜ በሁለት ጣቱ እንደ ሞተ አይጥ አንሥቶ በመስኮት ወረወረው።

«ይህ ቤተ ሙከራ ነው፤ የልብስ ሰፊ ሱቅ አይደለም!» ብሎ ጮኸብኝ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ያደረግሁትን ነገር እኔ ሳልኖር እንዳትነኪ። ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

እሱ ወደ ፒያሳ ሲወጣ መርፌዬን ከሣሩ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት፤ በካፖርቴ አንገት ላይ ወግቼ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ የተሠራው ስላይድ ሁሉ በዚያ መርፌ ነው። እሱም «አየሽ፣ ንጹሕ መሣሪያ ሲሆን» ይለኝ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከኮሶዬ ነው። ዘር ልንሰበስብ በደባርቅ መንገድ ወጣን። ኮሶዬ ስትደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ከመንገዱ ዳር ገደሉ ተከፍቶ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ገብሳቸውን ሊያጭዱ ማጭድ ይስላሉ። ዶክተሩ ከማኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጠራቸው። እሳቸው ማጭዳቸውን ስለው እስኪጨርሱ ቀና አላሉም። በመጨረሻ እሱ ወረደ። አፈር እንዳይነካው ሱሪውን ወደ ላይ ይዞ ሲረማመድ ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ወንዝ ስትሻገር ይመስል ነበር።

«ይህ ምን ዓይነት ገብስ ነው?» አላቸው።

«ሰነፍ ገብስ ነዋ።»

«ሰነፍ? ለምን ሰነፍ ተባለ?»

«ልብሱን ራሱ አውልቆ ይመጣል። ለመፈተግ ክንድ አይፈልግም። ሰነፍ ሴትም ብትሆን እንግዳዋን አታሳፍርበትም» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ፣ አያ።»

«ይሁን፤ ሥጋ ባንካፈል ቆሎ አይከለከልም» ብለው ከጓዳ ትኩስ ቆሎ አስመጡልን። ሸጋ ቆሎ ነበር። እኔ በላሁ። ዶክተሩ አንድ ፍሬ አንሥቶ በጥፍሩ ከፈለውና አየው፤ ከዚያ ጣቱን በመሐረብ ጠረገ። ሽማግሌው ይህን አይተዋል። ያዩትን ሁሉ የሚናገሩ ሰው ግን አልነበሩም።

ስንመለስ መንገድ ላይ «ይህ ሕዝብ የሚዘራውን አያውቅም» አለኝ። ሽማግሌው ማጭዱን ይዘው የቆሙበትን እርሻ አሻግሬ አየሁ። ከድንጋይ በቀር ምንም የሌለበትን ተረተር ገብስ አልብሰውታል። የማያውቅ ሰው ይህን አያደርግም ብዬ አሰብኩ፤ ነገር ግን ማሰቡ የእኔ ሥራ ስላልነበረ ዝም አልኩ።

የኮሶዬው ዘር የበቀለበት ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ዶክተሩ ደባርቅ ላይ የአንድ ባላባት ሰርግ ተጠርቶ አዲስ ክራቫት አስሮ መጣ። ለመታየት ያህል ሥሮቹን በራሱ እጅ መድኃኒቱ ውስጥ ከተተ።

«አራት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው» አለኝ። «ሰርጉ ቶሎ ካለቀ ተመልሼ አወጣዋለሁ። እንዳትነኪው።»

ዓርብ ቀትር ላይ ሰርግ ሄዶ በዚያው ቀን ከደባርቅ የተመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። አመሻሹ ላይ አራቱ ሰዓት አለፈ። ሳህኑ ፊቴ ነው። ሥሮቹን አውጥቼ አልኮሉ ውስጥ መክተት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ክዳኑን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ አየሁትና እንደገና ዘጋሁት። እንዳልነካ ታዝዤአለሁ አልኩ ለራሴ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰኞ ሲመጣ የበሰበሰ ሥር እንዲያገኝ ፈልጌ ነበር። በዚያ ንጹሕ መሐረቡ አፍንጫውን ይዞ ሲቆም ማየት አማረኝ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዓይኑ ቀልቶ መጣ፤ ጠጁ ገና ከራሱ አልወጣም። ክዳኑን አነሣን። ሥሮቹ አልበሰበሱም። ማደግ ትተው ጫፋቸው እንደ ዱላ ራስ አብጧል። ጤናማ ሥር እንደዚያ አይሆንም። እሱ ግን ሳህኑን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣

«ተመልከቺ ግዝፈቱን!» አለ። «የተለየ ዘር ነው ብዬ አልነበረም?»

ብሎ አልነበረም።

ያኑ ቀን ሥሮቹን አልኮሉ ውስጥ ከተትናቸው፤ በማግስቱ ስላይዱን ሥሪ አለኝ። ሠራሁት። ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረ ሆነ፤ ክሮሞሶሞቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይወድቅ ተበትነው ጥርት ብለው ይታያሉ። ቆጠርኩ። ሃያ ስምንት። መስታወቱን ገፋ አድርጌ ሌላ ሴል አየሁ፤ ሃያ ስምንት። እሱም ተቀምጦ በከንፈሩ እያንሾካሾከ ቆጠረ። ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ከዚያ ብድግ ብሎ ሁለት እጄን ያዘ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነው።

«እጥፍ!» አለኝ። «በዓለም ላይ ያልታየ ገብስ! በተፈጥሮው እጥፍ የሆነ!»

የእኔ ሥራ መሳል ሆነ። በማይክሮስኮፑ ላይ የምትገጠም መስተዋት አለች፤ የሚታየውን ወረቀት ላይ ጥላ ታደርገዋለች፣ እርሳስ ይዘህ ጥላውን ትከተላለህ። አምስት ሴል ሣልኩ። ስድስተኛው ላይ ከሃምሳ በላይ ሆነብኝ።

«ያን ተዪው» አለኝ።

«ምነው?»

«ተዪው አልኩሽ።»

ቀጥሎ ደብተሩ መጣ። በደብተሩ እያንዳንዱ ሥር መቼ እንደበቀለ፣ ስንት ሰዓት እንደተዘፈዘፈ ይጻፋል። ብዕሩን ይዤ ጠበቅሁት።

«መዘፍዘፊያ፣ አራት ሰዓት ብለሽ ጻፊ።»

«ግን ዶክተር፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ ነው የቆየው።»

«እኔ ያዘዝኩት ስንት ነው?»

«አራት ሰዓት።»

«እንግዲያው ያዘዝኩትን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ያምራል፤ እንዳማረ ጻፍኩት።

በዚያ ሳምንት እሱ በሌለበት ከዚያው ከኮሶዬው ከረጢት ሌላ ዘር አበቀልኩ። በአራት ሰዓት አወጣሁት። ጫፉ አላበጠም። ከዐሥር ሥር ዐሥር ስላይድ ሠራሁ፤ ባየሁት ሴል ሁሉ አሥራ አራት ነው። ከዚያ የእሱን ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወረድኩ። እንግሊዝኛዬ ደም ለመመርመር የሚበቃ ያህል ነበር፤ በመዝገበ ቃላት እየተረዳሁ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ነገሩ እዚያው ተጽፏል። መድኃኒቱ ሴሉ እንዳይከፈል ይከለክላል እንጂ ክሮሞሶሞቹ ከመባዛት አይቆሙም። ብዙ ከቆየ ሳይከፈሉ በአንድ ቤት ይከማቻሉ። አሥራ አራቱ ሃያ ስምንት ይሆናል፤ ሲብስም ሃምሳ ስድስት። እጥፍ ያደረገው ገብሱ አይደለም፤ ሰርጉ ነው።

መጽሐፉን ገልጬ ዐሥሩን ስላይድ ደርድሬ ጠበቅሁት። ገጹን አሳየሁት። አነበበ። ፊቱ ሲቀላ አየሁ፤ ስለዚህ ገብቶታል። ለዓመታት ሳስበው የኖርኩት ይህንን ነው። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልንቀውም ነበር።

«መጽሐፌን ማን ንኪ አለሽ?» አለኝ።

«ስላይዶቹን ይመልከቱ።»

«ለአንቺ ስላይድ ጊዜ የለኝም» አለና መስታወቶቹን ሰብስቦ ማጠቢያው ውስጥ ከተታቸው። ወሬው ለካ ቀድሞ ወጥቷል። ለበላዮቹ ጽፏል፣ ለጠቅላይ ግዛቱ ትልልቅ ሰዎች ነግሯል፤ ገብሱንም በአንድ ባለሥልጣን ስም ሰይሞታል።

ገብሱን ለማስተዋወቅ የተጠራው ጉባኤ በከተማው ትልቅ አዳራሽ ተደረገ። ከፊት ረድፍ ባለሥልጣናቱና ካህናቱ፣ ከኋላ ተማሪዎችና ጸሐፊዎች። የሣልኩት ሥዕል በትልቁ ተገልብጦ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከኮሶዬ ሽማግሌውን አስመጥተው፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ንጹሕ ኩታ አልብሰው መድረክ ላይ አቆሟቸው፤ ነዶ አስይዘዋቸዋል። ዶክተሩ ረጅም ንግግር አደረገ። ሃያ ስምንት በሚልበት ቁጥር ጣቱን ወደ ሥዕሉ ያነሣል። ማጨብጨብ እንዳለበት ያልገባው ሕዝብ ባለሥልጣኑ ሲያጨበጭብ ያጨበጭባል።

በመጨረሻ ከካህናቱ አንዱ፣ ዓይናቸው የደከመ ሊቅ፣ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይህ ሃያ ስምንት የተባለው ነገር ለገበሬው ምን ይጨምርለታል?» ብለው ጠየቁ።

«በእጥፍ ያፈራል፣ አባቴ» አለ ዶክተሩ።

ነዶውን የያዙት ሽማግሌ ከመድረኩ ላይ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «ምነው ታዲያ እኔ ሳላየው!» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ዶክተሩም አብሮ ሳቀና እጁን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ፣ «አባታችን ገና አልገባቸውም» አለ። ሕዝቡ ይበልጥ ሳቀ። መጀመሪያ የሳቀው በዶክተሩ ነበር፤ አሁን በእሳቸው ሆነ። ሽማግሌው ነዶውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ብድግ ብዬ «ውሸት ነው» ለማለት ሁለት እግርና አንድ አፍ ነበረኝ። ካጨበጨቡት ጋር አጨበጨብኩ።

በሳምንቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሰዎች ኮሶዬ ወጥተው ሽማግሌው ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ለማሳያ እርሻ ብለው ጭነው ወሰዱ። ይህንን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ በዕድሜ የገፋ የውጭ አገር ሊቅ በአስመራ መንገድ ወደ ጎንደር መጣ። እህል እየሰበሰበ የሚዞር፣ ጫማው የተበላ፣ ቆቡ ላብ የጠጣ ሰው ነበር። እጥፍ የሆነውን ገብስ አሳዩኝ አለ። ዶክተሩ እንግዳው ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ጀምሮ ቤቱን አስጠረገ።

እንግዳው ሊቅ ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጠ፤ ረጅም ጊዜ አየ። ቆጠረ። ራሱን ነቀነቀ። ዶክተሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ከዚያ እንግዳው ቀና ሲል መደርደሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ አየ። ዶክተሩ ያበጡትን ሥሮች ለግዝፈቱ ምስክር ብሎ በአልኮል አስቀምጧቸው ነበር። ውርደቱን በገዛ እጁ መደርደሪያ ላይ የሰቀለ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። እንግዳው ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ያዘው።

«ይህ ምን ያህል ጊዜ ተዘፈዘፈ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

«አራት ሰዓት» አለ ዶክተሩ።

እንግዳው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ደብተሩ ላይ አራት ሰዓት ተብሎ ተጽፏል» አልኩት።

«ደብተሩን አልጠየቅሁም» አለኝ።

መሬት መሬት አየሁ። እሱም አላስጨነቀኝም፤ ብቻ አንድ እፍኝ ዘር ስጡኝ አለ። ከእኛው ከረጢት ሰጠሁት። ባረፈበት ቤት ራሱ አበቀለው። በአራተኛው ቀን አልኮል ውስጥ የከተታቸውን ሥሮች በትንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ በራሱ እጅ ሠራው። እጁ የሰለጠነ ነበር። አየ፤ ተነሥቶ ወንበሩን ለዶክተሩ ለቀቀለት። ዶክተሩ አየ። አሥራ አራት።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ ባሕር ማዶ በተማረው ጥሩ እንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ «ረዳቴ ዘሩን ደባልቃው ይሆናል። ያልተማረች ሴት ናት፤ እዚህ አገር የሚሆነውን ያውቁታል።»

እንግሊዝኛውን እንደምሰማ ያውቃል። ቢሆንም አፍ አውጥቼ እመልሳለሁ ብሎ አልገመተም።

ያኔ ነው የተናገርኩት። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ፤ ቢሆንም ገባቸው። «ከዓርብ እስከ ሰኞ ነው የቆየው። እሱ ሰርግ ሄዶ ነበር። አራት ሰዓት ብለሽ ጻፊ ብሎኝ እኔ ጻፍኩ። ቅዳሜ አይቼው ነበር፤ ሆን ብዬ ተውኩት።»

ዶክተሩ በአማርኛ፣ «ባለጌ!» አለኝ።

እንግዳው ቆቡን አነሣ። ዶክተሩን አልሰደበውም፣ አልገሠጸውም፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደሌለ ሰው አለፈው። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ስላይዶቹ ጥሩ ናቸው» አለኝ። «ደብተሩ ግን ለምንም አይሆንም።» ወጥቶ ሄደ። እንዲያመሰግነኝ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፤ ፊቴ ጋለ። ኋላ ሳስበው፣ ከዚያ በላይ የሚገባኝ ነገር አልነበረም።

ዶክተሩ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ የተሻለ ወንበር አገኘ። ፒያሳ ላይ የስንብት ግብዣ ተደርጎለት፣ «ጎንደር ለሳይንስ አትመችም» ብሎ ተናገረ አሉኝ። ቤቱ ታሸገ። ማሳያው እርሻ ላይ የባለሥልጣኑ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ዝናብ እስኪያበሰብሰው ቆመ። ገብሱ ግን በእጥፍ አላፈራም፤ ያሳዘነኝ እሱን የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ነው። እኔ ለተዋሰኝ ሰው አገልግዬ ወደ ወባ ክፍሌ ተመለስኩ። ኃላፊዬ፣ «እንዴት ነበር?» ቢሉኝ፣ «ማይክሮስኮፑ ሸጋ ነበር» አልኳቸው።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንድ እሑድ ወደ ደባርቅ በሚወጣ የጭነት ማኪና ተሳፍሬ ኮሶዬ ወረድኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሽማግሌውን እርሻቸው ዳር አገኘኋቸው፤ በሰንበት ማረስ ስለሌለ የካቡን ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መድኃኒቱን፣ ሰርጉን፣ ደብተሩን።

ሰምተው ሲጨርሱ፣ «እንግዲህ ስንት ሆነ አልሽኝ?» አሉ።

«አሥራ አራት ነው፣ አያ። እንደ ማንኛውም ገብስ።»

«እኔ መች ሌላ ነው አልኩ?» አሉ። «ገብስ ገብስ መሆኑን ለማወቅ ይህ ሁሉ ማኪና ወጣ ወረደ?»

«አዎ።»

ከፊታችን ያለው መሬት ግማሹ ታርሶ ለስልሷል፤ ግማሹ ግን ሳይታረስ ባዶውን ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ ዘሩን ማን እንደወሰደው አውቃለሁ።

«ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርሽ?» አሉኝ።

«ነበርኩ።»

«ሲስቁብኝ?»

«ነበርኩ፣ አያ።»

«ውሸት መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አዩኝ። ስድብ ጠበቅሁ፤ ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ዶክተሩ ቆሎውን በጥፍሩ ሲከፍል ያዩበትን ዓይን ነው ያየሁት፤ አሁን ወደ እኔ ዞሯል። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ተነሡና፣ «ማኪናው ሳያመልጥሽ ሂጂ» ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ቤታቸው ወጡ።

ማኪናው አምልጦኝ ነበር። ሌላ እስኪመጣ መንገዱ ዳር ቆምኩ፤ ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ እርሻውን ሸፈነው። ሰኞ ጠዋት ከደንቢያ የመጡ በሽተኞች በሩ ላይ ተሰልፈው ጠበቁኝ።